ሥልጣንና ኃይል

ቃል ሰው ያወጣው ነገር ቢሆንም ካወጣው ሰው ይልቅ ረዥም ዕድሜ አለው። ንጉሥ ያልፋል፤ ዐዋጅ በዐዋጅ ይሻራል፤ የጽሕፈት ቤት ማኅተም ይለወጣል፤ ንጉሡና ዐዋጁ የተጠሩበት ቃል ግን ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ይኖራል። ሲተላለፍም የቀድሞ ትርጕሙን በከፊል ይዞ በከፊል ጥሎ ስለሚሄድ፣ ከጊዜ በኋላ የሚናገረው ሰው ምን እንደሚል ሳያውቅ ይናገረዋል። እኛ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምንሠራ ሰዎች «ለሚመለከተው ባለሥልጣን» ብለን እንጽፋለን፤ «ጕዳዩ ከሥልጣናችን በላይ ነው» ብለንም ባለጕዳዩን እናሰናብታለን። ይህ ቃል ግን በጽሕፈት ቤት አልተወለደም። ከመጻሕፍት ቋንቋ ከግእዝ የወረስነው ነው፤ በዚያም ዘንድ «ኃይል» ከተባለው ቃል ጋራ ተጣምሮ፣ ነገር ግን ተለይቶ ይኖር ነበር። ስለ ሁለቱ ልዩነት፣ ልዩነቱም በአገራችን ታሪክ፣ በተለይም በምኖርባት በአዳማ ከተማ ስላስከተለው ነገር ጥቂት ለመጻፍ ዐስቤአለሁ።

ሐዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክ ቋንቋ ለዚህ ነገር ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉ። አንደኛው «ዲናሚስ» ነው፤ በነገሩ በራሱ ውስጥ ያለ ችሎታ፣ ብርታት፣ የሚሠራ ጕልበት ማለት ነው፤ ዲናሚት የሚባለው ፈንጂም ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ሁለተኛው «ኤክሱሲያ» ነው፤ ይህም ለማድረግ መፈቀድን፣ የተሰጠ ሥልጣንን ያመለክታል። ጕልበተኛ ሽፍታ ዲናሚስ አለው፤ ኤክሱሲያ ግን የለውም። ሽማግሌና ደካማ የሆነ ዳኛ ኤክሱሲያ አለው፤ ዲናሚሱ ግን ከደጃፍ ከቆመው ዘበኛ እጅ ነው። ከአክሱም ዘመን ጀምሮ መጻሕፍትን ወደ ግእዝ የመለሱት ሊቃውንት ይህን ልዩነት ዐውቀው አብዛኛውን ጊዜ ጠብቀውታል። የመጀመሪያውን «ኃይል» አሉት፤ ሁለተኛውን እንደ ቦታው «ሥልጣን» ወይም «መባሕት» እያሉ ተረጐሙት።

በ«መባሕት» ላይ ጥቂት መቈየት ደስ ያሰኛል። በግእዝ «አብሐ» ማለት ፈቀደ ማለት ነው፤ «ብውሕ» የተፈቀደ ነው፤ «መባሕት» ፈቃድ፣ ሥልጣን ነው። በወንጌል ክርስቶስ በምድር ላይ ኃጢአትን የማስተስረይ ሥልጣን እንዳለው የተነገረበት ቦታ በግእዙ የሚነበበው በዚሁ ቤተ ቃል ነው። ዛሬ በአማርኛ «መብት» የምንለው ከዚያው ቤት የወጣ ነው። ሰው በጠረጴዛ ላይ በጡጫው እየመታ «መብቴ ነው» ሲል፣ ለኃጢአተኛ ይቅርታ በተነገረበት ቃል መናገሩን አያስተውልም። ባለጕዳይ የሚመልሱ ጓደኞቼ ይህን ቢያስቡት ምናልባት ጡጫውን በትዕግሥት ይችሉት ይሆናል።

«ሥልጣን»ም ከጎረቤት ቋንቋዎች ጋራ ዝምድና አለው። በሶርያ ቋንቋ «ሹልጣና» ይባላል፤ በዐረብኛ «ሱልጣን» ነው። የዐረብኛው ቃል በመጀመሪያ እንደ እኛው ሥልጣንን ብቻ ያመለክት ነበር፤ በኋላ ግን የሰውዬው የራሱ መጠሪያ ሆነ፤ ሹመቱ ሰውዬውን፣ ሰውዬውም ሹመቱን ዋጠው። በእኛ አገር ይህ አልሆነም። ሰው በአማርኛ «ሥልጣን» ተብሎ አይጠራም፤ በፊቱ «ባለ» መጨመር ያስፈልጋል። «ባለ» ደግሞ ሁለት ፊት ያለው ነገር ነው። ባለቤትም ይላል፤ ባለዕዳም ይላል። ባለሥልጣን ከሁለቱ ወደ የትኛው እንደሚጠጋ ሰዋስው አይነግረንም፤ ታሪክ ግን ይነግረናል።

እስኪ ወደ ጥንቱ እንመለስ። ከክርስትና በፊት ሰሜን ኢትዮጵያን ይገዙ የነበሩ ነገሥታት በድንጋይ ላይ ባስቀረጿቸው ጽሑፎች ራሳቸውን የሚጠሩት በ«መለከ» ቤት ቃል ነበር፤ ይህም ዕብራውያንና ዐረቦች እስከ ዛሬ ንጉሥን የሚጠሩበት ቃል ነው። በግእዝ ግን ይህ ቃል ከምድራዊው ዙፋን ወጣ። «አምላክ»ና «መለኮት» ሆኖ ለፈጣሪ ቀረ፤ በዙፋን ላይ የሚቀመጠው ሰው «ንጉሥ» ተባለ፤ ዐረቦችም ይህን ሰምተው የእኛን ገዥ «ነጃሺ» አሉት። ይህ ለውጥ በማን ዐሳብ እንደ ሆነ የሚናገር ጽሑፍ ባይኖርም፣ ውጤቱ ግን ሌሎች ሴማውያን ያላገኙት ነው፤ ለሰማዩ አንድ ቃል፣ ለምድሩ ሌላ ቃል።

ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት በጽሑፎቹ የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ነኝ ይል ነበር፤ ማሕረም የጦርነት አምላክ ነው። ከተቀበለ በኋላ ባስቀረጸው ጽሑፍ ግን ይህ ልጅነት አይገኝም። በቦታው የገባው «የሰማይ ጌታ ኃይል» ነው፤ ጠላቶቹን ያሸነፈው፣ ዙፋኑም የጸናው በዚያ ኃይል መሆኑን ይናገራል። ሁለቱን ጽሑፎች አስተያይቶ የሚያነብ ሰው የሃይማኖቱን መለወጥ ከዚህ አንድ ነገር ይረዳዋል፤ ኃይል ከአባት ወደ ልጅ በደም የሚወርድ ሀብት መሆኑ ቀርቶ የሌላ ገንዘብ ሆነ።

ከዚህ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰማይ ስታስተምር የተጠቀመችባቸው ቃላት የቤተ መንግሥት ቃላት ናቸው። በሥነ ፍጥረት ትምህርት የመላእክት ነገድ በዐሥር አለቆች የተከፈለ መቶ ነው፤ ዐሥሩም ስሞች አጋእዝት፣ ኪሩቤል፣ ሱራፌል፣ ኃይላት፣ አርባብ፣ መናብርት፣ ሥልጣናት፣ መኳንንት፣ ሊቃናትና መላእክት ናቸው። ኪሩቤልንና ሱራፌልን ብናወጣ የቀረው የአንድ ግቢ ሥርዐት ነው፤ ጌቶች፣ ወንበሮች፣ ሹማምንት፣ አለቆች፣ ከሁሉም በታች መልእክተኞች። ነገር ግን ተማሪው የሚማረው ይህን ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ነገድ፣ የአጋእዝት አለቃ ሳጥናኤል ነበረ፤ እርሱም የተሰጠውን የራሱ አድርጎ በመቍጠሩ ወደቀ። ስለዚህ በአገራችን የቆሎ ተማሪ ገና በልጅነቱ የሚሰማው የመጀመሪያው የፖለቲካ ታሪክ የአንድ ትልቅ ሹም መሻር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

«መኰንን» የሚለውም ቃል የራሱ ነገር አለው። «ኮነነ» በግእዝ ፈረደ፣ ገዛ ማለት ነው፤ ስለዚህ መኰንን ፈራጅም ገዥም ነው። አማርኛ ግን ግሡን ለፍርድ ጨለማ ክፍል ብቻ አስቀረው፤ ኮነነ ማለት አወገዘ፣ በደለኛ አደረገ ሆነ፤ «ኩነኔ»ም የገሃነም ፍርድ ሆነ። ከአንዱ ሥር የክብር መዓርግና የነፍስ ቅጣት ወጡ። የገጠር ሰው መኰንን ሲመጣ ሲያይ ስለ ሁለቱ የትኛውን እንዳሰበ መገመት አያስቸግርም።

እንግዲህ «ሾመ» ወደሚለው እንምጣ፤ የአገራችን የሥልጣን ታሪክ ሁሉ በዚህ ቃል ዙሪያ ይሽከረከራልና። ግእዙ «ሤመ» ነው። ከእርሱ «ሢመተ ጵጵስና» ወጣ፤ ከእርሱ «ጭቃ ሹም» ወጣ፤ ከእርሱም «ሥዩመ እግዚአብሔር» ወጣ። ጳጳሱን፣ የመንደር ግብር ሰብሳቢውንና ንጉሠ ነገሥቱን አንድ ግሥ ይሸከማቸዋል። ሕዝቡም ሹመትን ያለ ሽረት ስላላየው «ሹም ሽር» ብሎ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ይጠራቸዋል። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 4 የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም የማይገሰስ መሆኑን ሲደነግግ ምክንያቱን ከዘራቸውና ከተቀቡት ቅባት አወጣ። የቃሉ ሁለት ክፍሎች ግን «ሥዩም»ና «እግዚአብሔር» ናቸው፤ ሿሚው በስሙ ውስጥ ተጽፏል። ሕገ መንግሥቱ ሥዩምነትን የማይገሰስበት ምክንያት አደረገው፤ ጥንታዊው ቃል ግን በዚያው ልክ የመጠየቂያ ምክንያት ሊሆን ይችል ነበር።

የንጉሠ ነገሥቱን ስሞች የሚመለከት ሰው ይህንኑ ያገኛል። ከዘውድ በፊት ተፈሪ መኰንን ይባሉ ነበር፤ በአባታቸው ስም ውስጥ ፈራጁ አለ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲነግሡ የክርስትና ስማቸውን የዙፋን ስም አደረጉት፤ ኃይለ ሥላሴ። «ኃይል» ሳይሆን «ኃይለ» ነው፤ ባለቤቱ ከኋላ ይከተላል። በየመንደሩ ያሉ ኃይለ ማርያሞች፣ ኃይለ ሚካኤሎችና ኃይለ ገብርኤሎችም እንደዚሁ ናቸው። በግእዝ ሰዋስው አንዲት ግዕዝ ፊደል ኃይሉን ከሰውዬው ወስዳ ለሌላ ትሰጣለች።

ይህ ሁሉ የቃል ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ቃሉ በሰው ሕይወት ላይ የተፈተነበት ቀን አለ። ከፍሬምናጦስ ጀምሮ እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ፣ 1,600 ዓመት ያህል፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ ከግብፅ ይመጣ ነበር። በ1921 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ኢትዮጵያውያን ኤጲስ ቆጶሳት ሲሾሙ ከእነርሱ መካከል አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ አብርሃም ነበሩበት። አንድ ዓይነት ሢመት፣ አንድ ዓይነት የማሰርና የመፍታት ሥልጣን ተቀበሉ። ፋሺስት ኢጣልያ አገሩን ሲይዝ አቡነ ጴጥሮስ አርበኞቹን አውግዘው ሕዝቡን ለወራሪው እንዲያስገዙ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። አቡነ ሚካኤል ጎሬ ላይ ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ግን ለኢጣልያኖቹ ገቡ፤ በ1930 ዓ.ም. በእነርሱ ፈቃድ የቤተ ክርስቲያኒቱ አለቃ ተባሉ፤ የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያንም አወገዘቻቸው።

እነሆ፤ ኢጣልያ ኃይል ነበረው፤ አውሮፕላንና የመርዝ ጢስ ነበረው። ሥልጣን ግን አልነበረውም፤ ስለዚህም ከአንድ እስረኛ ጳጳስ አፍ ሊወስደው ፈለገ። ለአንድ መንግሥት ከዚህ የበለጠ ምስክርነት የለም፤ መትረየስ የያዘ ሰው ግዝትን ይለምናል። የሚያሳዝነው ሁለተኛው ነገር ነው። ሥልጣኑ ለሦስቱም በአንድ ቀን ቢሰጥም አጠባበቁ አንድ አልሆነም፤ ሢመት ጽናትን አብሮ አይሰጥም።

«አቡነ» በግእዝ «አባታችን» ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ በሸለቆው ቍልቍል ስንወርድ ይህ የአባትነት ስም በሌላ ቋንቋ ይጠብቀናል። በኦሮምኛ «አባ» አባትም ባለቤትም ነው፤ የገዳው አለቃ «አባ ገዳ» ነው፤ የቤት ጌታም «አባ መና» ነው። ከቢሾፍቱ በስተ ደቡብ ባለው በዝቋላ ተራራ ላይ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ፤ ሰው «አቦ» እያለ ይጠራቸዋል፤ ለበዓላቸውም አማርኛ ተናጋሪውና ኦሮምኛ ተናጋሪው አንድ ተራራ ይወጣሉ። ሁለቱ ቋንቋዎች ትልቁን ሰው ለመጥራት አባትን መምረጣቸው ሳይመካከሩ የተስማሙበት ነገር ይመስለኛል።

በኦሮምኛ የሚጸልይ ክርስቲያንም ሁለቱን ነገሮች ይለያል፤ ብርታት «ሁምና» ነው፤ የተሰጠ ሥልጣን «አንጎ» ነው፤ ፈጣሪ «ዋቃዮ» ነው። በልጅነቱ ባርያ ሆኖ ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣው አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋራ ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ሲያሳትም፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም.፣ የጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር። ከክርስትና በፊት ሲጸለይበት የኖረውን የዋቃን ስም ለፈጣሪ መጠሪያነት ማቆየቱ፣ እንደኔ አስተያየት፣ የኢዛና ጸሐፊዎች ከሠሩት ሥራ የማያንስ ነው።

አሁን ወደ ከተማችን ደርሰናል። አዳማ የባቡር ሐዲድ ያሳደጋት ከተማ ናት፤ ስሟ «ሐዳሚ» ከሚባለው ከቍልቋል የመጣ ነው ይባላል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች፤ ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት ተባለች። ስም ማውጣት ከሥልጣን ሥራዎች ሁሉ ርካሹም ዘላቂውም ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገር ግን በልደት ወረቀት፣ በባቡር ቲኬት፣ በመቃብር ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። የተመረጠው ስም ግን ስለ ሥልጣን ሲያስቡት የሚገርም ነው። በወንጌል የምናገኛት ናዝሬት ዙፋን የሌላት፣ ሰው የሚንቃት የጠራቢ መንደር ናት። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ክርስቶስ ወደ አገሩ መጥቶ ሲያስተምር ሰዎቹ ይህን ከወዴት አገኘው ብለው ተሰናከሉበት፤ ጥቂት ድውዮችን ከመፈወስ በቀርም በዚያ ኃይል ሊያደርግ አልቻለም። በግሪኩ የተጻፈው ቃል ያው ዲናሚስ ነው። እንግዲህ ኃይል ያልተደረገባትን መንደር ስም ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ንጉሥ ለአዳማ ሰጧት።

በ1930ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ሜኖናይት ሚስዮን በናዝሬት ሆስፒታል ከፈተ፤ ሆስፒታሉም በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም ተጠራ፤ ዛሬ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ የሚባለው ይኸው ነው። በ1950ዎቹ በከተማይቱ ያሉ ጥቂት ወጣት ተማሪዎች ከሚስዮናውያኑ ዘንድ እንግሊዝኛ ለመማር ሲመላለሱ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ጀመሩ። ከእነዚህም መካከል «የሰማይ ብርሃን» የተባለ ማኅበር ተነሣ። የማኅበሩ ልጆች ካህናት አልነበሩም፤ ሢመት አልነበራቸውም፤ ከማንም የተጻፈ ፈቃድ አልያዙም። የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነበር፤ ስለ መንፈስ ቅዱስ ኃይል። ሜኖናይቶቹ ራሳቸው በጸጥታ የሚያመልኩ ሰዎች ስለ ነበሩ ይህ ጩኸት አስደንግጧቸው እንደ ነበር መገመት ይቻላል። በኋላ ግን ወጣቶቹ ከመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጋራ ተቀላቀሉ።

የቀድሞው ካህን ሥልጣን ይዞ ኃይልን ይለምን ነበር፤ የናዝሬት ተማሪ ኃይል አገኘሁ ብሎ ሥልጣንን ሳይጠብቅ ተነሣ። ለሺህ ዓመት አብረው የኖሩ ሁለት ቃላት በዚህች የባቡር ከተማ ተፋጠጡ። በዚህ ጕዳይ አንባቢዎቼ እንደየሃይማኖታቸው ልዩ ልዩ ፍርድ ይሰጣሉ፤ እኔ የማመለክተው የቃላቱን መንገድ ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥዩመ እግዚአብሔር የተባሉት ንጉሥ በመኰንኖች እጅ ከዙፋን ወረዱ። አዲሶቹ ገዥዎች ከሰማይ ምንም አልፈልግም ያሉ ቢሆኑም ራሳቸውን የሰየሙት ከግእዝ በተቀዳ፣ ብዙ ሰው በማያውቀው ቃል፣ «ደርግ» ብለው ነው። ጥር 1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ትእዛዝ ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿ ከ4 ዓመት በላይ ታሰሩ። በተዘጋችበት ጊዜ አባሎቿ 5,000 ያህል ነበሩ። ሕንፃም፣ ደመወዝም፣ ማኅተምም ስላልነበራት ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩ ነበር፤ ሴቶችም በየቤታቸው ስብሰባውን ይመሩ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ አባሎቿ ከ30,000 የማያንሱ ሆነው ተገኙ። የመዝጋት ሥልጣን የነበረው መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን በሚገባ ጽፎ፣ ቍጥር ሰጥቶ፣ ማኅተም አሳርፎበት ነበር፤ በአጻጻፍ በኩል ምንም አልጐደለውም።

በ1990ዎቹ የከተማይቱ ስም እንደ ገና አዳማ ሆነ። በከተማይቱ የአባ ገዳ አዳራሽ ተሠርቷል፤ የገዳ ሥርዐትም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገባ። በዚያ ሥርዐት አንድ ትውልድ የሚገዛው 8 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ «ባሊ»ን ለተከታዩ ያስረክባል። ባሊ ላባ ነው፤ የሰጎን ላባ። ዘውድ በራስ ላይ ይከብዳል፤ ላባ ግን ሲሰጡትም ሲቀበሉትም አይከብድም። የግእዝ ሊቃውንት በ«ሥልጣን»ና በ«መባሕት» ሊናገሩት የፈለጉትን፣ የተሰጠ ነገር ለሰጪው ተመላሽ መሆኑን፣ የከረዩና የቦረና ሽማግሌዎች በአንድ ላባ ይናገሩታል።

በመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ ራስጌ ላይ የሚታተመው አዳማ ነው። በአዲስ አበባ የአውቶቡስ መናኸሪያ ግን ረዳቶቹ እስከ ዛሬ «ናዝሬት! ናዝሬት!» እያሉ ይጣራሉ፤ ተሳፋሪውም ስሙ የት እንደ ተጻፈ ሳይጠይቅ ይገባል።